ነጥቧ የት ትግባ? አስርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደርና ማባዛት በድሬዳዋ ምሳሌዎች

ድሬዳዋ ሁለት ባቡር ታውቃለች። አንዱ የድሮው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ከጅቡቲ መጥቶ ከተማዋን የቆረቆራት። ሌላው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጣቢያ የሚነሳው አዲሱ ነው። በድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የሩሲያ ሐዲድ ደግሞ 1.52 ሜትር ይሰፋል።

አሁን አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጥሩና «የቱ ይሰፋል? የእኛ አዲሱ ወይስ የሩሲያው?» ብላችሁ ጠይቁት። «የእኛ!» ቢላችሁ አይግረማችሁ። 435 ከ52 ይበልጣላ።

መልሱ የሩሲያው ነው። ልጁ የተሳሳተው ግን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በሙሉ ቁጥር የለመደውን ይዞ መጥቶ ነው። ከሙሉ ቁጥር ይዘናቸው የምንመጣ ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ «ረጅም ቁጥር ትልቅ ነው» የሚለው ነው። ሌላው «ሲባዛ ይጨምራል» የሚለው ነው። ሁለቱም እስከ ነጥቡ ድረስ ብዙም አያጣሉንም። ከነጥቡ ወዲያ ግን ጉድ ይሠሩናል። ይህ መመሪያ ልጁን ለሚያስጠና ወላጅ፣ ለተማሪውም፣ በሚዛንና በደረሰኝ ለሚውል ነጋዴም ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱን አሃዝ ቤቱ አስገቡት

የሙሉ ቁጥር ቤቶችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት እያልን ወደ ግራ እንሄዳለን። አንድ ቤት ወደ ግራ በሄድን ቁጥር ዋጋው አስር እጥፍ ያድጋል። ወደ ቀኝ ስንመለስ ለአስር እየተካፈለ ያንሳል። ነጥቡ ጋ ስንደርስ ይህ ሕግ አይቆምም። አንድ ለአስር ሲካፈል አንድ አስረኛ ይሆናል። አንድ አስረኛ ለአስር ሲካፈል አንድ መቶኛ፣ ከዚያ አንድ ሺኛ እያለ ይቀጥላል።

1.435ን በልብስ ሰፊ ሜትር ላይ እንፈልገው። 1 ማለት አንድ ሙሉ ሜትር ነው። 4 ማለት አራት አስረኛ፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ነው። 3 ማለት ሦስት መቶኛ፣ ማለትም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። 5 ማለት አምስት ሺኛ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲደመር 143 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 1.52 ደግሞ አንድ ሜትር፣ ከዚያ 50 ሴንቲ፣ ከዚያ 2 ሴንቲ ነው። 152 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አነባበባችሁንም አስተካክሉ። 1.52ን «አንድ ነጥብ ሃምሳ ሁለት» ብላችሁ አታንብቡ። «አንድ ነጥብ አምስት ሁለት» በሉ። «ሃምሳ ሁለት» ስንል ጆሯችን ሙሉ ቁጥር ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስህተት የዚያ ልጅ ነው። ልጅ የምታስጠኑ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህችን አስለቅቁት።

ብዙ አስተማሪ አስርዮሽን በብርና ሳንቲም ይጀምራል። እኔ ብዙ አልወደውም። ልጁ ከነጥቡ በኋላ ያለውን የሌላ ገንዘብ ስም አድርጎ ያየዋል። 3.50 ማለት «ሦስት ብር» እና «ሃምሳ ሳንቲም» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስለዋል። ከነጥቡ በኋላ ሁሌም ሁለት አሃዝ ብቻ አለ ብሎም ያምናል። 0.125 ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ኪሎ ይሻላል። የዲጂታል ሚዛን ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ያሳያል። 0.125 ማለት 125 ግራም፣ 0.500 ማለት 500 ግራም ነው። ልጁም ሚዛኑን በዓይኑ ያውቀዋል።

ደረጃ 2፦ ለማወዳደር ነጥቦቹን ደርድሩ፣ ባዶውን በዜሮ ሙሉ

አሠራሩ አጭር ነው። ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉ። ነጥቦቹ በአንድ መስመር ይግጠሙ። አጭሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ርዝመቱ እስኪተካከል ዜሮ ጨምሩ። ከዚያ ከግራ ጀምራችሁ ቤት በቤት አወዳድሩ። መጀመሪያ የተለያዩበት ቤት ላይ ፍርዱ ይሰጣል። ከዚያ በስተቀኝ ያለው ምንም ያህል ቢረዝም ፍርዱን አይቀይረውም።

ባቡሮቹን እንደርድራቸው። ሁለት ሌሎች እንጨምር። የሱዳን ሐዲድ 1.067 ሜትር ነው፣ የህንዱ ሰፊ ሐዲድ 1.676 ሜትር።

የድሮው የድሬ፦ 1.000
የሱዳን፦ 1.067
አዲሱ የእኛ፦ 1.435
የሩሲያ፦ 1.520
የህንድ፦ 1.676

የአንድ ቤቱ ሁሉም ጋ 1 ነው፤ አይረዳንም። የአስረኛ ቤቱን ስናይ 0፣ 0፣ 4፣ 5፣ 6 ይላል። ሦስቱ ወዲያው ተለዩ። ሁለቱ 0 ያላቸው ብቻ ቀሩ። ወደ መቶኛ ቤት እንሂድ። 0 እና 6 ነው። አለቀ።

እዚህ ላይ 1.067 እና 1.676ን ልብ በሉ። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም «አንድ ነጥብ ስልሳ ምናምን» ብሎ ያልፋቸዋል። ልዩነታቸው ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ዜሮ ሌሎቹን አሃዞች ወደ ትንሹ ቤት ይገፋቸዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ደግሞ ማንንም አይገፋም። ስለዚህ 0.5 እና 0.50 እና 0.500 እኩል ናቸው። 0.05 ግን የ0.5 አንድ አስረኛ ብቻ ነው። (ሚዛን 0.500 ሲል ግን ተጨማሪ ነገር ይነግራችኋል፤ እስከ ግራም ድረስ ለክቼዋለሁ እያለ ነው። የቁጥሩ መጠን ግን ያው ነው።)

ደረጃ 3፦ ስህተቱ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ መርምሩ

ይህ ክፍል ለሚያስጠና ሰው ነው። ተማሪ ከሆናችሁ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ልጁ አንድ ጥያቄ አበላሸ ብላችሁ ያንኑ ሕግ ደግማችሁ አታስታውሱት። ስህተቱ ከየት እንደመጣ እወቁ። የሚከተሉትን ጥንዶች ስጡትና የቱ እንደሚበልጥ ይንገራችሁ።

ሀ) 0.4 ወይስ 0.35
ለ) 0.6 ወይስ 0.75
ሐ) 0.45 ወይስ 0.457
መ) 0.6 ወይስ 0.60

ትክክለኛው መልስ ሀ ላይ 0.4፣ ለ ላይ 0.75፣ ሐ ላይ 0.457 ነው። መ ላይ እኩል ናቸው።

«ሀ» ላይ 0.35 ብሎ «ለ»ን ካገኘ ልጁ «ረጅም ትልቅ ነው» የሚል ነው። «ለ»ን ያገኘውም አውቆት አይደለም፤ በዕድል ነው። 75 ከ6 ይበልጣል ብሎ ነው። ለዚህ ልጅ መድኃኒቱ ዜሮ መሙላት ነው። 0.40 እና 0.35 ብሎ ሲጽፈው ራሱ ያየዋል።

ተቃራኒውም አለ። «ሀ»ን አግኝቶ «ለ» ላይ 0.6 የሚል። ይህ ልጅ ትንሽ ረቀቅ ይላል። መቶኛ ከአስረኛ እንደሚያንስ ያውቃል። ስለዚህ ረጅም ቁጥር የትናንሽ ቁራጮች ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ነው ብሎ ደምድሟል። የቁራጩን መጠን አይቷል፤ ስንት ቁራጭ እንዳለ ግን አላየም። ለእሱ ዜሮ መሙላት ብቻውን አይበቃውም። 0.75 ሰባት አስረኛና ትርፍ እንደሆነ አሳዩት። ሰባት አስረኛ ብቻውን ስድስት አስረኛን ያሸንፋል።

ይህ ሁለተኛው ልጅ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃበት ሊቆይ ይችላል። የመምህሩ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ እንደ «ሀ» ከሆኑ ሁሉንም ያገኛል። ለዚህ ነው ሁለቱንም ዓይነት ጥንድ ቀላቅላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

«ሐ» ላይ «እኩል ናቸው» የሚል ካለ ደግሞ እሱ የሳንቲሙ ልጅ ነው። ከሁለተኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። ሚዛኑ ጋ ውሰዱት። 7 ግራም 7 ግራም ነው፤ በተለይ ወርቅ ከሆነ።

አንድ ጥያቄ ጨምሩለት። «በ0.34 እና በ0.35 መካከል ቁጥር አለ?» ብዙ ልጅ የለም ይላል፤ ከ34 ቀጥሎ 35 ነዋ። 0.340 እና 0.350 ብለው ሲጽፉት 0.341፣ 0.342 እያሉ ብቅ ይላሉ። በ0.341 እና 0.342 መካከልም እንዲሁ አለ። ማለቂያ የለውም።

ደረጃ 4፦ በ10 እና በ100 ማባዛት

አጭር ነው። በ10 ስታባዙ እያንዳንዱ አሃዝ አንድ ቤት ወደ ግራ ይዛወራል። በ100 ሁለት ቤት። 0.375 በ10 ሲባዛ 3.75፣ በ100 ሲባዛ 37.5 ይሆናል። «በ10 ሲባዛ መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨምር» የሚለውን የታችኛ ክፍል ሕግ ጣሉት። 2.5 ላይ ዜሮ ብትጨምሩ 2.50 ነው የሚሆነው። ምንም አላደረጋችሁም ማለት ነው። ትክክለኛው 25 ነው።

ደረጃ 5፦ ከማባዛታችሁ በፊት አንድን እዩ

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። የምታባዙበት ቁጥር ከ1 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ይህን ሳትመልሱ ስሌት አትጀምሩ።

ከፊራ ገበያ ገብታችሁ የባቢሌ ለውዝ ልትገዙ ነው። ኪሎው 240 ብር ነው እንበል። (ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ «ጸሐፊው እንዲህ ብሏል» ብላችሁ ሻጯን እንዳትሟገቱ።)

1.25 ኪሎ፦ 240 × 1.25 = 300
1 ኪሎ፦ 240 × 1 = 240
0.75 ኪሎ፦ 240 × 0.75 = 180
0.5 ኪሎ፦ 240 × 0.5 = 120
0.1 ኪሎ፦ 240 × 0.1 = 24

ድንበሩ 1 ነው። በ1 ስታባዙ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። ከ1 በሚበልጥ ስታባዙ ያድጋል። ከ1 በሚያንስ ስታባዙ ይቀንሳል። ምክንያቱም 240 × 0.75 ማለት «ከ240 ላይ ሦስት ሩቡን ውሰድ» ማለት ነው። ከአንድ ነገር ላይ ከፊሉን ወስዶ ከሙሉው የሚበልጥ ነገር ይዞ የተመለሰ የለም።

«እናቴ፣ ሦስት ሩብ ስጪኝ» ብትሏት ሻጯ ወረቀት አታወጣም። የግማሽ ኪሎው 120፣ የሩቡ 60፣ በድምሩ 180 ትላችኋለች። 0.75ን ወደ 0.5 እና 0.25 ከፍላ አባዝታ ደመረች። መጽሐፍ ውስጥ ይህ የስርጭት ሕግ ይባላል። አቦ፣ እሷ ስሙን ባታውቀው ምን ቸገራት!

ይህን ድንበር ከያዛችሁ ብዙ ጥያቄ ያለ ስሌት ይመለሳል። 7.3 × 0.98 ከ7.3 ያንሳል። 7.3 × 1.002 ከ7.3 በትንሹ ይበልጣል። ማሽን ላይ ተሳስታችሁ 71.54 ቢመጣላችሁ ወዲያው ትነቃላችሁ።

ሁለቱም ቁጥሮች ከ1 ሲያንሱ ደግሞ ብዜቱ ከሁለቱም ያንሳል። 0.5 × 0.5 ስንት ነው? የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው፤ 0.25። 0.3 በራሱ ሲባዛ 0.09 ነው። አንዱ ከ1 በታች፣ ሌላው ከ1 በላይ ከሆነ ግን ብዜቱ በሁለቱ መካከል ይውላል። 0.8 × 1.5 = 1.2 ነው፤ ከ0.8 ይበልጣል፣ ከ1.5 ያንሳል። ይህ ሁልጊዜ ይሠራል፤ መልሳችሁን ለመፈተሽ በጣም ይጠቅማል።

ደረጃ 6፦ በካሬ ደብተር ሳሉት

ብዙ ተማሪ 0.3 × 0.4ን 1.2 ብሎ ይጽፋል። ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው። 0.3 + 0.4 = 0.7 ነው፤ ሲደመር ከነጥቡ በኋላ አንድ አሃዝ ይኖራል። ሲባዛም እንደዚያው ይመስለዋል። በደረጃ 5 ብቻ ይህን መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱም ከ1 ያንሳሉ፣ ታዲያ ብዜቱ እንዴት ከ1 ይበልጣል? ለምን በትክክል 0.12 እንደሚሆን ለማየት ግን ሥዕል ይሻላል።

የሂሳብ ደብተር ላይ በወርድ 10፣ በቁመት 10 ትናንሽ ካሬ ያለው አንድ ትልቅ ካሬ ከልሉ። ትልቁ ካሬ 1 ነው። ትንንሾቹ 100 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 0.01 ናቸው። ከወርዱ 0.3፣ ማለትም 3 ካሬ ያዙ። ከቁመቱ 0.4፣ ማለትም 4 ካሬ ያዙ። የተገናኙበትን ቦታ አጥቁሩ። 12 ትናንሽ ካሬ ታገኛላችሁ። 12 መቶኛ ማለት 0.12 ነው።

አስረኛን በአስረኛ ስታባዙ መቶኛ ይመጣል። ቁም ነገሩ እሱ ነው። በክፍልፋይ ብትጽፉትም ያው ነው፦ 3/10 × 4/10 = 12/100።

ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሰዎች ይህን በየቀኑ ይሠሩታል። 60 በ60 የሚባለው ሴራሚክ በሜትር 0.6 በ0.6 ነው። ስፋቱ 0.36 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ 1.44 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ውስጡ አራት ሴራሚክ ስላለ ነው፤ 4 × 0.36 = 1.44። 0.6 በ0.6ን 3.6 ብሎ ያሰበ ሰው አንዲት ሴራሚክ ሦስት ካሬ ተኩል ታለብሳለች ብሎ ያልማል። ቤቱ አብዛኛው ሳይነጠፍ ሲቀር ይነቃል።

ደረጃ 7፦ አስሉ፣ ከዚያ ነጥቧን አስገቡ

አሁን አሠራሩን እንያዝ። አራት ነገር ነው የምታደርጉት፤ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

አንደኛ፣ ገምቱ። ሁለተኛ፣ ነጥቦቹን ረስታችሁ እንደ ሙሉ ቁጥር አባዙ። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ደምሩ፤ ብዜቱ ላይ ከቀኝ ያን ያህል ቆጥራችሁ ነጥቧን አስገቡ። አራተኛ፣ ከግምታችሁ ጋር አመሳክሩ።

2.4 × 3.15ን እንሥራ። ግምት፦ ሁለት ተኩል ያህል ሲባዛ በሦስት፣ ሰባት ምናምን ይሆናል። ስሌት፦ 24 × 315 = 7560። ቆጠራ፦ አንድ አሃዝ ከ2.4፣ ሁለት አሃዝ ከ3.15፣ በድምሩ ሦስት። 7.560፣ ማለትም 7.56። ከግምቱ ጋር ይስማማል።

ቆጠራው ለምን ይሠራል? 2.4 ማለት 24 አስረኛ ነው። 3.15 ማለት 315 መቶኛ ነው። አስረኛ በመቶኛ ሺኛ ነው። ስለዚህ መልሱ 7560 ሺኛ ነው። ሦስቱ አሃዝ የመጣው ከዚህ ነው።

ሰው ብዙ የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው 0.5 × 0.4 ነው። 5 × 4 = 20። ሁለት አሃዝ ቆጥረን 0.20፣ ማለትም 0.2። ነገር ግን አንዳንዱ ሰው የ20ን ዜሮ አስቀድሞ ይጥልና 2 ላይ ሁለት አሃዝ ይቆጥራል። 0.02 ይለዋል። ዜሮ የሚጣለው ነጥቧ ከገባች በኋላ ብቻ ነው። ግምት የሠራ ሰው ግን አይወድቅም፤ የ0.4 ግማሽ 0.2 ነው።

ሁለተኛው 0.02 × 0.3 ነው። 2 × 3 = 6። ሦስት አሃዝ መቁጠር አለብን፤ እኛ ጋ ያለው አንድ ብቻ ነው። የጎደለውን ከፊት በዜሮ ሙሉት፦ 0.006።

አንድ አቋራጭም ልንገራችሁ። አንዱን ቁጥር አስር እጥፍ አሳድጋችሁ ሌላውን ለአስር ብታካፍሉ ብዜቱ አይቀየርም። 240 × 0.35 ከባድ ይመስላል። 24 × 3.5 አድርጉት። የ24 ሦስት እጥፍ 72፣ ግማሹ 12፣ በድምሩ 84። 350 ግራም ለውዝ 84 ብር።

ወርቅ ቤት

ነጥብ የጠፋባቸው አስርዮሾች ማየት ከፈለጋችሁ ወርቅ ላይ ያለውን ማኅተም እዩ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 21 ካራት ማለት ከ24 እጁ 21 እጁ ወርቅ ነው፤ 21 ሲካፈል ለ24 = 0.875። ማኅተሙ ላይ 875 ተብሎ ይጻፋል። 18 ካራት 0.75 ነው፤ ማኅተሙ 750 ይላል። ሦስተኛዋ ዜሮ የመጣችው ሁሉም በሺኛ ስለሚጻፍ ነው። ደረጃ 2 ላይ የሞላነው ዜሮ ይኸው ነው።

8 ግራም የሚመዝን የ21 ካራት ቀለበት ስንት ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው? 8 × 0.875 = 7 ግራም። በ18 ካራት ቢሆን 8 × 0.75 = 6 ግራም። አንድ ግራም ሙሉ ልዩነት ነው፤ ሚዛኑ ላይ ግን ሁለቱም 8 ይላሉ።

ደረጃ 8፦ ደጋግሞ ሲባዛ፣ ቅናሽና ቫት

10 በመቶ ቅናሽ ማለት በ0.9 ማባዛት ነው። ሁለት ጊዜ 10 በመቶ ቢቀነስ 20 በመቶ አይደለም። 0.9 × 0.9 = 0.81፤ ቅናሹ 19 በመቶ ነው። ሁለተኛው ቅናሽ የሚሰላው አስቀድሞ ከተቀነሰው ላይ ነዋ። በ0.9 ሰባት ጊዜ ብታባዙ ከግማሽ በታች ትወርዳላችሁ፤ 0.478 ገደማ። ዜሮ ግን መቼም አትደርሱም።

ቫት ላይ ያለው ስህተት ግን ብር ያስከፍላል። 15 በመቶ ቫት መጨመር በ1.15 ማባዛት ነው። 1000 ብር 1150 ይሆናል። አሁን 1150 ተጽፎ አያችሁና ያለ ቫት ስንት እንደነበር ማወቅ ፈለጋችሁ። ብዙ ሰው 15 በመቶውን ይቀንሳል፤ በ0.85 ያባዛል። 1150 × 0.85 = 977.50 ይመጣል። 22 ብር ከሃምሳ የት ገባ? 1.15 × 0.85 = 0.9775 ስለሆነ ነው፤ 1 አይደለም። በ1.15 የተባዛን ነገር ለመመለስ ለ1.15 ማካፈል ነው፦ 1150 ÷ 1.15 = 1000።

ማካፈል ላይ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ከ1 ለሚያንስ ቁጥር ስታካፍሉ መልሱ ያድጋል። 6 ኪሎ ለውዝ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ፌስታል ብትሞሉ 6 ÷ 0.5 = 12 ፌስታል ነው።

ሁለት ወጥመዶች

አንዱ ሰዓት ነው። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን አቀበት ወጥታችሁ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፋችሁ፣ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ እንበል። 55 ÷ 40 = 1.375 ሰዓት። ይህ አንድ ሰዓት ከ37 ደቂቃ አይደለም! ሰዓት በ60 ነው የሚከፈለው። 0.375 × 60 = 22.5፤ አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ተኩል ነው። 1.5 ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ 1.30 ሰዓት ግን አንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው።

ሌላው ሰረዝ ነው። እኛ 1,250 ስንጽፍ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ማለታችን ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ግን ሰረዟ የነጥብን ሥራ ትሠራለች። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ የፈረንሳይኛ ሰነድ ላይ 1,250 ቶን ቢል አንድ ቶን ከ250 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን ሰረዝ ጠይቁ።

ሞክሩ

1. ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፦ 0.8፣ 0.088፣ 0.808፣ 0.08
2. 16 ግራም የ18 ካራት ወርቅ ውስጥ ስንት ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ?
3. 0.25 × 0.4
4. 30 በ60 የሆነ ሴራሚክ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ካርቶኑ 1.44 ካለ ውስጡ ስንት ሴራሚክ አለ?
5. 2.7 ሰዓት ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ነው?
6. 37 × 46 = 1702 ነው። ሌላ ስሌት ሳትሠሩ፣ በግምት ብቻ ነጥቧን አስገቡ፦ 3.7 × 0.46፣ 370 × 0.46፣ 0.037 × 4.6

መልስ፦

1. 0.08፣ 0.088፣ 0.8፣ 0.808። ሁሉንም በሦስት አሃዝ ጻፉት፦ 0.080፣ 0.088፣ 0.800፣ 0.808።
2. 12 ግራም።
3. 25 × 4 = 100፤ ሦስት አሃዝ ቆጥረን 0.100፣ ማለትም 0.1። የ0.4 ሩብ ነው።
4. 0.18 ካሬ ሜትር፤ 8 ሴራሚክ።
5. 0.7 × 60 = 42፤ ሁለት ሰዓት ከ42 ደቂቃ።
6. 3.7 × 0.46 የ3.7 ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፤ 1.702። 370 × 0.46 የ370 ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፤ 170.2። 0.037 × 4.6 ደግሞ አራት መቶኛ ያህል አምስት ጊዜ ያህል ነው፤ ወደ 0.2 ይጠጋል፤ 0.1702። እዚህ የመጨረሻው ላይ ቆጠራውንም ሞክሩት፦ ሦስት አሃዝና አንድ አሃዝ፣ በድምሩ አራት።